ራዲዮ ይዤ ወደ ዶዮገና

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ ወር፣ ሰኞ ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። በምሠራበት የራዲዮ ጣቢያ፣ በአድማጮች ክፍል ደብዳቤ እየከፈትኩ ሳለሁ አለቃዬ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ እጀታ ያለው ትልቅ ራዲዮ ተቀምጧል። የሞስኮው ኦሊምፒክ ሊጀመር ስለሆነ፣ ራዲዮ ለሌላቸው የገጠር ቀበሌዎች እንዲህ ያለ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራና ድምፁ ርቆ የሚሰማ ራዲዮ እየታደለ መሆኑን ነገሩኝ። አንዱ ለሐዲያና ከምባታ አውራጃ ተመድቧል። ሊያደርሰው የነበረው ባልደረባችን ግን ወባ ጥሎታል። እኔ ይዤው እንድሄድ፣ በዚያው ጣቢያችን እዚያ ጥርት ብሎ ይሰማ እንደሆነና ሰዉ ምን መስማት እንደሚፈልግ ጠይቄ እንድመለስ አዘዙኝ። በልቤ «እኔ ሰው መጠየቅ አልችልም» እያልኩ በአፌ «እሺ» አልኩ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። ሆሳዕናን በካርታ ላይ ብዙ ጊዜ ስያለሁ፤ በእግሬ ግን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ደብረ ዘይትን አልፌ አላውቅም ነበር። ስለ ሩጫ ደግሞ የማውቀው፣ ልጆቻችን ያሸነፉ ቀን ጉለሌ ሰፈራችን ውስጥ ሰው በየደጁ ወጥቶ እንደሚያጨበጭብ ብቻ ነው። አለቃዬ ስወጣ አንድ ነገር ደጋግመው አሳሰቡኝ፤ ራዲዮው ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ እንጂ በአንድ ሰው ቤት እንዳይቀመጥ።

ማክሰኞ ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ረዳቱ ራዲዮውን ከነሣጥኑ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሊሰቅለው ሲል፣ ዝናብ ይመታዋል ማለት አፍሬ በሁለት እጄ አቅፌው ቆምኩ። እሱ ይጎትታል፣ እኔ አልለቅም። በመጨረሻ ሾፌሩ መጣ። ሸምሱ ይባላል፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጢሙን በአጭሩ የተከረከመ የሆሳዕና ሰው ነው። ምን እንደ ያዝኩ ጠየቀኝና ለሩጫው መሆኑን ስነግረው ከወንበሩ ጀርባ የነበረውን የሽንኩርት ጆንያ አንስቶ ራዲዮውን በቦታው አስቀመጠው። እኔንም ሞተሩ ኮፈን ላይ፣ ከአጠገቡ አስቀመጠኝ። «የመንግሥት እንግዳ ናት» አለ ለተሳፋሪው፤ ሰዉ ሳቀ፤ እኔ ጉልበቴን አየሁ።

ዓለም ገና ላይ አስፋልቱ ተሰናበተን። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠጠር ነው፤ ኮፈኑ ደግሞ እንደ ምጣድ ይግላል። የሣጥኑ ወሬ እስከ ኋላ ወንበር ስለ ደረሰ ከመልካ ቁንጥሬ በፊት አውቶቡሱ ሁሉ ስለ ሩጫው ይከራከር ነበር። አንዱ ነጋዴ ልጆቻችን ዘንድሮ ወርቁን ሳይዙ እንደማይመለሱ ማለ። ሌላው፣ ያለፈው ጊዜም እንዲሁ ተብሎ ሳይሮጡ ተመለሱ አለ። ያኔ ከአራት ዓመት በፊት አፍሪካ ሁሉ ከውድድሩ ሲወጣ የኛም ልጆች አብረው መመለሳቸውን እኔ እንደ አንድ ዜና ሰምቼ ረስቼው ነበር። እነሱ አልረሱትም።

መንገዱ ላይ ካለ አንድ ኬላ መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ወጥቶ ሣጥኑን አስከፈተኝ። የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ አየና «ራዲዮ ከሆነ ይናገር» አለኝ። የባትሪ ድንጋዮቹ ለብቻቸው ተጠቅልለው ነበር። ፈትቼ ከተትኳቸው፤ ራዲዮው ግን ዝም አለ። ጥበቃው ፊቱ እየተለወጠ ሄደ። ሸምሱ ወርዶ አንዴ አየና፣ ሁሉንም ገልብጬ እንደ ከተትኳቸው ነገረኝና አስተካከላቸው። ወዲያው የማርሽ ሙዚቃ ሜዳውን ሞላው። ጥበቃው ጥቂት አዳመጠና ልጆቹ የሚሮጡት መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። በሐምሌ እንደሆነ እንጂ ቀኑን እንደማላውቅ ነገርኩት። ያኔም እዚሁ ኬላ ላይ እንደሚሆን ነገረንና፣ ወሬውን ሳይነግረው የሚያልፍ መኪና ካለ አስቁሞ ሽንኩርቱን ሁሉ እንደሚያስወርድ ለሸምሱ አስጠነቀቀው።

ቡታጅራ ምሳ በላን፤ ሸምሱ እስላም ምግብ ቤት፣ እኔ ማዶ ካለው። ሽሮው የእናቴን ያህል ባይሆንም በርበሬው ይበልጣል። ሆሳዕና የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ላድርበት ያሰብኩት ሆቴል ታችኛው ክፍል መጠጥ ቤት ነበረ፤ የተሰጠኝ ክፍል በር ደግሞ ቁልፍ የለውም። ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳመነታ ሸምሱ ተመልሶ መጣና፣ እዚህ ጥሎኝ ከሄደ ሚስቱ ዛሬ እራት እንደማትሰጠው ነገረኝ። ተከተልኩት።

ሚስቱ ነፊሳ ስለ እኔ ምንም ሳትጠይቅ ሙቅ ውኃ አቀረበችልኝ። እራት ሲቀርብ ከቆጮ ጋር ጎመንና አይብ ነበረ፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ሥጋ የለበትም፤ ሳትሳቀቂ ብዪ» አለችኝ። በኋላ ሳስተውል ለቤተሰቡ የተሠራው የሥጋ ወጥ ጓዳ ውስጥ ተከድኖ ነበር። በእነሱ ባራኪ የታረደ ሥጋ ፊቴ ቢቀርብ ምን እንደምሆን ቀድማ አስባ፣ ማናቸውም እንዳይበሉት አድርጋለች። ጉለሌ ጎረቤታችን ካሉ እስላሞች ጋር ስንኖር ይህን እኛ እናስብላቸዋለን ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ሲበሉ ስለ ሩጫው አወሩ። ዘንድሮ ኦሊምፒኩ ረመዷን ውስጥ ይገባል። ነፊሳ ሩጫው ከመግሪብ ጋር ከገጠመ ማን እንደሚያፈጥር ማን እንደሚያዳምጥ ግራ ገብቷታል። ሸምሱ መፍትሔ አለው፤ ቴምሩ ራዲዮው አጠገብ ይቀመጣል።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የተቀበሉኝ ሰው ራዲዮው ሀቢቾ ወደሚባል ቀበሌ እንዲሄድ ተወስኖ እንደ ነበር፣ መንገዱ ግን በጭቃ ስለ ተቆረጠ ወደ ዶዮገና መለወጡን አስረዱኝ። መኪና ነገ ይገኛል ተባለ። ስመለስ የሆሳዕና ጭቃ አንድ ጫማዬን ዋጠው። የአዲስ አበባ ዝናብ በአስፋልቱ ላይ ወርዶ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ይቀመጣል፣ ያቦካል፣ ከዚያም እግር ይይዛል። ነፊሳ በዱላ ስትፈልግልኝ ቆይታ ተረከዙን ብቻ አገኘችና ሳቅ እያነቃት የራሷን ኮንጎ ጫማ ሰጠችኝ። ካርታ ላይ አረንጓዴ ቀለም የቀባሁት አገር ይህ መሆኑን ያን ቀን ነው ያመንኩት። ሞስኮ አሁን በጋ ነው፤ በኛ ጭቃ ወቅት እዚያ ሰው እጀ ጉርድ ለብሶ ይሮጣል ብዬ ስነግራት ነፊሳ «ታዲያ ክረምቱን የት አደረጉት?» አለችኝ። ጂኦግራፊ ከተማርኩ ወዲህ እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። እስኪመሽ በድንችና በኩራዝ አስረዳኋት።

ሐሙስ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ ዶዮገና ተሳፈርኩ። ነፊሳ ራዲዮውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በገመድ አስራዋለች፤ ዝናቡ እላዩ ላይ ሲንሸራተት እያየሁ ሄድኩ። አገሩ እየወጣ፣ እየቀዘቀዘ፣ ጉም እየበዛ ይሄዳል። መንገዱ ግራና ቀኝ እንሰት ነው። ከሩቅ ሙዝ ይመስላል፤ ከቅርብ ግን ወፍራምና ጸጥ ያለ ተክል ነው፣ ቤቶቹን ደብቋቸዋል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ላምቦሬ በማኅበሩ ቆርቆሮ ክዳን አዳራሽ በር ላይ ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው። ለራዲዮው በገዛ እጃቸው መደርደሪያ ሠርተው፣ አቧራ እንዳይገባበት መጋረጃ ሰቅለውለታል። እንዲህ በፍቅር የተሠራ ነገር አይቼ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን፣ ከዚህ በፊት ሁለት ወንበር ስለ ተሰረቀ አዳራሹን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ማዶ ወዳለው ቤታቸው እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ሩጫው ማታም ሊሆን እንደሚችል በቀስታ ነገርኳቸው።

«ማታ የሚሮጥ ሌባ ብቻ ነው» አሉኝ።

ሞስኮ በዚህ ወቅት ጀምበር ዘግይታ እንደምትጠልቅ ባስረዳም ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ቁልፍ መነካካታቸውን ቀጠሉ።

ማደሪያ የተሰጠኝ ዲንቄ የምትባል ሴት ቤት ነው፤ አማርኛ ስለምትችል። ባሏ ኤርጊቾ ወታደር ስለ ነበረ በየካምፑ ስትከተለው ነው የተማረችው። ቤቱ ክብ ሣር ቤት ነው። በአንድ ወገን ሰው፣ በሌላው ከብት ያድራል። እናቴ ብትሰማ ትደነግጣለች፤ ግን ያ ቤት በላሞቹ ትንፋሽ ብቻ ከኛ የጡብ ቤት ይልቅ ይሞቃል። ምሰሶው አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ኤርጊቾ ተኝቷል። መኪና ተገልብጦበት ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ አልተነሣም። አንዴ በቃሬዛ ሆሳዕና ሆስፒታል ወስደውት ነበር፤ ከዚያ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ያየውን ሥቃይ ዳግመኛ እንዳያሳዩት ሚስቱን አስምሏታል። ከጉዳቱ በፊት የጦር ክፍሉ ሯጭ ነበር።

እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፤ ከመብላታችን በፊት ዲንቄ ረጅም ጸሎት ጸለየች፤ መንገዴን፣ ጫማዬን፣ የራዲዮውን ድንጋይ ሳይቀር አነሣች። የቀረበው አታካና ነው፤ ቡላ በቅቤ የተሠራ። ቅቤው ጣቶቼን አልፎ እስከ ክርኔ ወረደ፤ የምጠርግበት ሳጣ ኤርጊቾ «ላሺው፣ እዚህ ማንም አያይሽም» አለኝ። ላስኩት።

ኤርጊቾ የሚጠይቀው ብዙ ነው። የሚሮጡት ሣር ላይ ነው ወይስ አፈር ላይ? እንጃ። ስንት አገር ከውድድሩ ቀረ ዘንድሮ? የተወሰኑ ቀርተዋል፣ ቁጥሩን አላውቅም። በመጨረሻ «አንቺ ልጄ፣ ሞስኮ ደጋ ነው ቆላ?» አለኝ። ይህን አውቃለሁ። ከሆሳዕናም ከአዲስ አበባም እጅግ ዝቅ ያለ ሜዳ መሆኑን ነገርኩት። አልጋውን በመዳፉ መታ።

«አየሩ ወፍራም ነው በያ! የዳገት ሳንባ ይዘው እዚያ ሲወርዱ ይታይሽ።»

ምሽት ላይ ጓድ ላምቦሬ ራዲዮውን ለሙከራ እንዲከፍቱት ጠየቅሁና ከኤርጊቾ አልጋ አጠገብ ሆኜ አዳመጥኩ። አዳራሹ ከቁልቁለቱ ሥር ነው። እስከኛ የደረሰው ጉምጉምታ ብቻ ነበር፤ ንብ ቀፎ ውስጥ እንደሚሉት። አንድም ቃል አይለይም። ኤርጊቾ ዓይኑን ወደ ጣሪያው እንደ ሰቀለ ነው የተናገረው።

«ከአራት ዓመት በፊት ራዲዮ ነበረኝ። አዲስ ድንጋይ ገዝቼ ተቀመጥኩ። ልጆቹ አይሮጡም አሉ። የአገር ጉዳይ ነው፣ ገባኝ። ግን ያኔ እግር ነበረኝ፤ ንዴቴን ወጥቼ ማሳው ላይ ሮጥኩበት። ዘንድሮ እነሱ እየሮጡ እኔ ካልሰማሁ፣ በምን ወጥቼ ልሩጥበት?»

ዲንቄ ወደ ላሞቹ ዞረች። እኔም ያን ሌሊት ስለ አለቃዬ ትእዛዝ እያሰብኩ ቆየሁ። ራዲዮው እዚህ ቤት ቢሆን በአንድ ሰው ቤት ሆነ ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ ቢሆን ደግሞ ሕዝብ ሊሰማው በሚፈልግበት ሰዓት ተቆልፎበት ያድራል።

ዓርብ ጠዋት ዲንቄ እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ወሰደችኝ። ከእንሰቱ መሀል ጥላ ያለበት ስፍራ ላይ አሥር ያህል ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ግንዱን በተዘረጋ ሰሌዳ ላይ በእግራቸው ረግጠው በቀርከሃ ይፍቃሉ። ጓድ ላምቦሬ የራዲዮውን ነገር ልንጨርስ ተከትለውኝ መጡ፤ ግን ከእንሰቱ ዳር ሲደርሱ ገደል ያዩ ይመስል ቆሙ። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይገባም። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ሊቀመንበርም አይሽረውም። ሴቶቹ ይህን ያውቃሉ። ጓድ ላምቦሬ ከውጭ ሆነው በየጥቂቱ «ጨረሳችሁ?» ይላሉ፤ ከውስጥ ሽማግሌዋ አማ ዳንሴ «አልጨረስንም፤ የቸኮለ ይግባ» ይሏቸዋል። አማ እናት ማለት ነው በነሱ። ሌሎቹ ይስቃሉ፤ ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው የራሳቸው የጓድ ላምቦሬ ሚስት ነበረች።

እኔም አንድ መፋቂያ ተሰጠኝ። ቀርከሃው አዳልጦኝ የእንሰቱ ውኃ ፊቴን አጠበኝ። ዲንቄ እየተረጎመችልኝ ሴቶቹን ምን መስማት እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው፤ በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ያቀረብኩት ያኔ ይመስለኛል፣ ዓይኔን ከሰሌዳው ሳላነሣ። ሴቶች ይሮጣሉ ወይ አሉኝ። ይሮጣሉ አልኩ። ልጅ የወለዱ ናቸው? ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ አልኩ። ቅቤ ተቀብተው ነው የሚሮጡት? ይህን አላውቅም። አማ ዳንሴ ሳይቀቡ የሚሮጡ ከሆነ ጉልበታቸው እንደሚያሳዝናቸው ነገሩኝ።

ከዚያ ስለ ራዲዮው ተነሣ። እነዚህ ሴቶች ከሃያ ከሚበልጡ ጎረቤቶቻቸው ጋር ዊጆ አላቸው። በየሳምንቱ እያንዳንዷ ቅቤ ታመጣለች፤ ተለክቶ የሁሉም ለአንዷ ይሰጣል፤ በሳምንቱ ለሌላዋ። አማ ዳንሴ ኦሊምፒኩ ከተጀመረበት ማታ አንሥቶ ራዲዮው በቅቤው ተራ ይዙር አሉ፤ ማታ ማታ ከቤት ወደ ቤት፤ ሁሉም ባለ ተራዋ ቤት ሄዶ ይሰማል። የአለቃዬን ትእዛዝ ነገርኳቸው፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ።

«ሕዝብ ስንት ሲሆን ነው ሕዝብ የሚሆነው?» አሉኝ አማ ዳንሴ።

ቁጥር እንዳልተጻፈለት ነገርኳቸው።

«እንግዲያማ እኛ ሕዝብ ነን።»

ይህን የሚያፈርስ ነገር ፈለግሁና አጣሁ። እንዲያውም ማታ ተቆልፎ ከሚያድር አዳራሽ ይልቅ የአለቃዬ ቃል የሚፈጸመው በዚህ ነው።

ችግሩ ሌላ ነበር። ዲንቄ የቅቤዋን ተራ የወሰደችው በቅርቡ ስለሆነ በዝርዝሩ መጨረሻ ናት። ተራዋ እስኪደርስ ውድድሩ ሊያልቅ ይችላል። ጭንቅ የያዛት ሴት፣ ልጅ የምትድር ወይም የወለደች፣ ያለ ተራዋ እንዲሰጣት መለመን ትችላለች። ግን ከራሷ አፍ መውጣት አለበት፤ አንዴ ከለመነች ደግሞ እስከ ዓመት ድረስ ሌላ አትለምንም። ዲንቄ ባሏ የወደቀ ጊዜ እንኳ አልለመነችም። ሴቶቹ ሁሉ መፋቃቸውን ሳያቆሙ ቃሏን ይጠብቁ እንደ ነበር ለኔም ገባኝ። በመካከል አንዷ በራሳቸው ቋንቋ የሆነ ነገር አለቻት፤ ዲንቄ ራሷን ነቀነቀች። ቆይታ ቆይታ እጇን አቆመች። በቋንቋቸው ተናገረችና ለኔ በአማርኛ ደገመችልኝ።

«እለምናለሁ። ግን የየትኛውን ማታ ልለምን? የሚሮጡበትን ቀን የሚያውቅ የለም። የማይሮጡበትን ማታ ለምኜ ቢባክንብኝስ?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ከጣቢያው የመጣሁ እኔ ነኝ፤ ማወቅ የነበረብኝም እኔ ነኝ። አዲስ አበባ እንደ ገባሁ ጠይቄ እልካለሁ አልኳቸው። በማን እንደምልክ ሲጠይቁኝ ሸምሱን ጠራሁ፤ ከሴቶቹ ሁለቱ ያውቁት ነበር።

ስንወጣ ጓድ ላምቦሬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አማ ዳንሴ ውሳኔውን ነገሯቸው፤ የሁለተኛው ማታ ተራ የእሳቸው ቤት እንደሆነና ሚስታቸውም እንደ ተስማማች ጨመሩላቸው። ጓድ ላምቦሬ ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የአዳራሹን ቆርቆሮ አዩ።

«መደርደሪያዬስ?» አሉ።

ለቅቤ ማሰሮ እንዲሰጡት አማ ዳንሴ ጠየቋቸው። ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቅ ቀደማቸው። ከዚያ ግን ቆም ብለው፣ ራዲዮው አንድ ነገር ቢሆን የሚጠየቁት እሳቸው መሆናቸውን አስታወሱን። ሚስታቸው መጋረጃውንም ጭምር አብረን እናዞረዋለን አለቻቸው።

ቅዳሜ ተሰናብቼ ወደ ሆሳዕና ተመለስኩ። ኤርጊቾ እጄን ይዞ ብዙ ቆየ፤ የተናገረው ግን መንገዱ እንደሚያዳልጥ ብቻ ነው። ነፊሳ ኮንጎ ጫማዋን ልመልስላት ስል ተቆጣችና የተጠበሰ በቆሎ ጨምራ ሰጠችኝ። እሁድ በሸምሱ አውቶቡስ፣ በዚያው በሚያቃጥለው ኮፈን ላይ ተቀምጬ አዲስ አበባ ገባሁ። ከጠጠሩ ወደ አስፋልቱ ስንወጣ አውቶቡሱ ድንገት ጸጥ አለ፤ እኔም በሳምንቱ ውስጥ እንዴት ጮክ ብዬ መናገር እንደ ለመድኩ ያወቅሁት ያኔ ነው። እናቴ በር ላይ ጫማዬን አይታ የት ወድቄ እንደ ነበር ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍሌ አልገባሁም። መጀመሪያ አለቃዬን አገኘሁና ራዲዮው ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ መሆኑን፣ ሕዝቡም በየማታው ከቤት ወደ ቤት እንደሚሰበሰብ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ብዕራቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡና «ይዘርፉታል ወይ?» ብቻ አሉኝ። የሊቀመንበሩ ሚስት እንደምትጠብቀው ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ስፖርት ክፍሉ ወጣሁ። እዚያ ወንዶቹ ሲጋራቸውን እያጨሱ ይጯጯሃሉ፤ በዚያ ጣቢያ ስሠራ አንድ ቀንም ገብቼ አላውቅም። በሩ ላይ ቆሜ ልጆቻችን የሚሮጡበት ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቅሁ። አንዱ የትኛውን ሩጫ አለኝ። ትልቁን አልኩ። ሳቁብኝ፤ ግን በክፋት አልነበረም። የአሥር ሺው ፍጻሜ ሐምሌ ሃያ፣ እሁድ ማታ ነው፤ የአምስት ሺው ደግሞ በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታ። አንዱን ብቻ መስማት የሚችል ሰው የትኛውን ይስማ ብዬ ስጠይቅ እርስ በርሳቸው መከራከር ጀመሩ። እየተከራከሩ ትቻቸው ወረድኩ።

አውቶቡስ ተራ ስደርስ ሸምሱ ለነገው ጉዞ አውቶቡሱን እያዘጋጀ፣ ከሥሩ ገብቶ ግራሶ ይቀባል። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ጎንበስ ብዬ ሐምሌ ሃያ፣ እሁድ ማታ መሆኑን ነገርኩት፤ ዲንቄ እሁድን ትለምን።

«ሌላ ሩጫ የለም?» አለኝ ከሥር።

«በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታም አለ።»

በጀርባው ተንሸራትቶ ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እሷ የምትለምነው አንድ ነው። የነሱን ደንብ አውቃለሁ፤ ሁለት አይሰጧትም።»

ይህን ከጣቢያው ጀምሮ ሳስበው ነበር የመጣሁት።

«ዓርብን ለዲንቄ ቤት እኔ ለምኛለሁ በላቸው።»

«አንቺ ዊጆው ውስጥ የለሽበትም እኮ።»

«አውቃለሁ። የለሁበትም፣ ግን ከማንም ምንም ለምኜ አላውቅም። ንገራቸው።»

«ከራስ አፍ ነው የሚለመነው።»

«ከአፌ ነው የሰማኸው።»

ሸምሱ አንገቱን አከከ። ይስጡኝ አይስጡኝ እሱ እንደማያውቅ፣ የሰማውን ግን እንደ ሰማው እንደሚያደርስ ነገረኝ። ከዚያ ሾፌር መልእክት ሲቀበል እንደሚያደርገው ቃሉን ደገመልኝ። እሁድን ዲንቄ ትለምን፤ ዓርብን ራዲዮውን ያመጣችው ልጅ ለምናለች። ልክ ነው አልኩት። ተመልሶ ከአውቶቡሱ ሥር ገባ፤ እኔ ወደ ሥራዬ ስራመድ ከታች ሆኖ ለራሱ ሲደግመው ይሰማኝ ነበር።